ሦስት ትውልድ በአንድ ክፍል

የዕጣን ጭስ ሲወጣ አስተውሎ የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ከፍሙ ላይ ሲነሣ እንደ ተፈተለ ክር ቀጥ ብሎ፣ ሳይዛነፍ ሽቅብ ይወጣል። ጥቂት ከፍ ካለ በኋላ ግን ማንም ሳይነካው፣ በሩም ሳይከፈት በድንገት ይሰበራል፤ ይጠማዘዛል፤ ይበተናል። በልጅነቴ እናቴ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ይህን ጭስ እያየሁ፣ "እማዬ፣ ከዚህ በታች እንዲያ ጨዋ ሆኖ ከዚያ በላይ ለምንድን ነው የሚያብደው?" ብዬ እጠይቃት ነበር። እሷም፣ "ጭስ ምን ያፈዝዝሃል! ይልቅ ያንን ሲኒ አቀብለኝ" ትለኝ ነበር።

ጥያቄዬ የሞኝ ጥያቄ እንዳልነበረ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ የምሕንድስና ተማሪ ሆኜ ነው። አንድ መምህራችን ወደ ቤተ ሙከራው ወሰዱንና ውኃ በሚሄድበት የመስታወት ቱቦ ውስጥ በቀጭን መርፌ ቀይ ቀለም ለቀቁበት። ቀለሙ እንደ እናቴ ዕጣን ጭስ ቀጭን ክር ሆኖ ተዘረጋ። ቧንቧውን ከፈት፣ ደግሞ ከፈት ሲያደርጉት ክሩ ድንገት ተበጠሰና ቱቦው ሁሉ ቀላ። "ይህን ነገር መጀመሪያ የጠየቀው ሰው ሬይኖልድስ ይባላል" አሉን። እኛም ደብተራችን ላይ "የሬይኖልድስ ቁጥር" ብለን ጻፍን። ቀጥሎ የፕራንትል ቁጥር መጣ፤ ከዚያም የኑሴልት ቁጥር። ለፈተና ስንል ቁጥሮቹን ሸመደድን እንጂ ሰዎቹ እናት የወለደቻቸው፣ አገርና ዘመን የነበራቸው መሆናቸው ትዝ ያለው ከመካከላችን አልነበረም።

ትዝ ያሰኘኝ አንድ ፎቶግራፍ ነው። የተነሣው በ1945 በግንቦት ወር፣ ጌቲንገን በምትባለው የጀርመን የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በፎቶግራፉ ላይ ሦስት ሰዎች አሉ። አንደኛው የ70 ዓመት ጀርመናዊ ሽማግሌ ነው። ሁለተኛው የዚያ ሽማግሌ ተማሪ የነበረ ሃንጋሪያዊ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የሃንጋሪያዊው ተማሪ የሆነ ወጣት ቻይናዊ ነው። መምህር፣ ተማሪና የተማሪ ተማሪ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ግን የተገናኙት ለምርቃት ወይም ለበዓል አልነበረም፤ ሁለቱ ለአሜሪካ ጦር እየሠሩ የተሸነፈውን መምህር ሊመረምሩ መጥተው ነው። ይህ እንዴት ሆነ? ያን ለመረዳት ከቀለሟ ክር መጀመር ያስፈልጋል።

የማንቸስተሩ ገንዳ

ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1842 ቤልፋስት ከተማ ተወለደ። ካምብሪጅ ገብቶ ሒሳብ ከመማሩ በፊት በአንድ የመካኒክ ወርክሾፕ ተለማማጅ ሆኖ እጁን በግራሶ ያጨማለቀ ሰው ነበር። በ1868 ገና የ25 ዓመት ወጣት ሳለ በማንቸስተር ኦወንስ ኮሌጅ የምሕንድስና ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። ማንቸስተር በዚያን ዘመን የጥጥ ፋብሪካ፣ የእንፋሎትና የጥላሸት ከተማ ነበረች። ቦይለር የሌለው ፋብሪካ፣ ቱቦ የሌለው ቦይለር አልነበረም። ስለዚህ ውኃ በቱቦ ውስጥ እንዴት ይሄዳል፣ ሙቀትስ ከብረቱ ወደ ውኃው እንዴት ይሻገራል የሚለው ጥያቄ ከፋብሪካው ወጪና ትርፍ ጋር የተያያዘ ነበር። ሬይኖልድስ በ1874 ስለ ቦይለር ሙቀት ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ ውኃውን ከግድግዳው ጋር የሚያፋትገው ንቅናቄና ሙቀቱን የሚያሻግረው ንቅናቄ አንድ መሆኑን አመለከተ።

በ1883 ደግሞ የታወቀውን ሙከራ አሳተመ። ርዝመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ገንዳ አሠርቶ፣ አፉ እንደ ጥሩምባ የሰፋ የመስታወት ቱቦ በውኃው ውስጥ አጋደመ። ከዚያ እኔ ከዓመታት በኋላ ያየሁትን ቀለም ለቀቀ። ያገኘው ነገር እንዲህ ነው። ፍሰቱ ይረጋጋል ወይስ ይነውጣል የሚለውን የሚወስነው ፍጥነት ብቻ አይደለም። የቱቦው ስፋት፣ የፈሳሹ እፍግታና ዝልግልግነትም አብረው ይወስናሉ። ፍጥነቱን፣ ስፋቱንና እፍግታውን አባዝተን ለዝልግልግነቱ ስናካፍል አንድ ቁጥር ይወጣል። ያ ቁጥር በቱቦ ውስጥ ከ2,000 ገደማ በታች ከሆነ ውኃው ቢረበሽም ተመልሶ ይረጋጋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ትንሽ መነካካት ሊያነውጠው ይችላል። ሬይኖልድስ ገንዳውን አረጋግቶ፣ እጅግ ተጠንቅቆ ሲሠራ ክሩ እስከ 13,000 ገደማ ሳይበጠስ ቆየለት።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁና። ያ ገንዳ እስከ ዛሬ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። መቶ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ተመራማሪዎች በዚያው መሣሪያ ሙከራውን ሲደግሙት የሬይኖልድስን 13,000 ሊደርሱበት አልቻሉም። መሣሪያው ያው፣ ውኃውም ያው ነው። የተለወጠው መንገዱ ነበር። በመኪና ብዛት የከተማይቱ መሬት ይንቀጠቀጣል፤ ያ መንቀጥቀጥ ክሩን ቀድሞ ይበጥሰዋል።

ሬይኖልድስ ታምሞ በ1905 ከማስተማር ወጣ፤ በ1912 አረፈ። ቁጥሩ በስሙ የተጠራው በ1908 ሮም በተደረገ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ ዞመርፌልት በተባለ ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው። እንግሊዛዊው የጀመረውን ጥያቄ ወደ ፊት የሚገፉት በወቅቱ ጀርመኖች ነበሩና።

ዐሥር ደቂቃ

ሉድቪግ ፕራንትል በ1875 በባቫርያ ፍራይዚንግ ከተማ ተወለደ። ሙኒክ ተምሮ ሲወጣ በአንድ የማሽን ፋብሪካ ሥራ ያዘ። የተሰጠው ሥራ ለአንድ ሊቅ የሚያኮራ አልነበረም፤ ከማሽን ሥር ፍቅፋቂ እየመጠጠ የሚያወጣውን የቱቦ መሣሪያ ማሻሻል ነው። ቱቦው እየሰፋ በሚሄድበት ቦታ ላይ አየሩ ግድግዳውን እየለቀቀ አስቸገረው። ፕራንትል መሣሪያውን አስተካክሎ ሰጠ፤ "ለምን ለቀቀ?" የሚለው ጥያቄ ግን ከልቡ አልወጣም። በ1901 ሃኖቨር ውስጥ ፕሮፌሰር ሲሆን ጥያቄውን ይዞት ሄደ።

በዚያን ዘመን የፈሳሽ ትምህርት ለሁለት የተከፈለ ቤት ነበር። በአንደኛው ወገን ሒሳብ ዐዋቂዎቹ አሉ። እነሱ ፈሳሹን ፍትጊያ እንደሌለው ቆጥረው ያሰሉና በውኃ ውስጥ የሚሄድ አካል ምንም የሚገታው ነገር የለም የሚል መልስ ያገኛሉ። ማንኛውም ዋናተኛ ይህ ውሸት መሆኑን ያውቃል። በሌላው ወገን መሐንዲሶቹ አሉ። እነሱ ደግሞ ለክተው፣ በሰንጠረዥ መዝግበው ይሠራሉ፤ ለምን እንደሆነ ግን አይጠይቁም። ፕራንትል በ1904 በሃይድልበርግ በተደረገ ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ ዐሥር ደቂቃ ተሰጠው። በዚያች ዐሥር ደቂቃ ሁለቱን ወገኖች አስታረቀ።

ያለው ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው። ግድግዳውን የሚነካው ፈሳሽ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ይቆማል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቀስ ይላል፤ ጥቂት ራቅ ያለው ግን እንደ ልቡ ይሮጣል። ስለዚህ ፍትጊያው ሁሉ ያለው በዚያች ቀጭን የዳር ሽፋን ውስጥ ነው። ከእሷ ውጪ የሒሳብ ዐዋቂዎቹ ስሌት ይሠራል፤ በእሷ ውስጥ የመሐንዲሶቹ ልኬት ትርጉም ያገኛል። በጉባኤው መጽሐፍ የታተመው ጽሑፍ ስምንት ገጽ ብቻ ነው። የአውሮፕላን ክንፍ ትምህርት ዛሬም የሚነሣው ከዚያ ነው።

ፌሊክስ ክላይን የተባለው የጌቲንገን የሒሳብ ሊቅ ወዲያው ወደ ዩኒቨርሲቲው አስመጣው። ፕራንትል በእጅ በሚዞር መቅዘፊያ ውኃ የሚነዳበት ገንዳና ንፋስ የሚነፍስበት ሰው ሠራሽ ዋሻ ይዞ ተማሪ ማፍራት ጀመረ። ከተማሪዎቹ አንዱ በ1881 ቡዳፔስት የተወለደው ቴዎዶር ፎን ካርማን ነበር። በጌቲንገን ሳለ አንድ ጓደኛው በውኃው መካከል ክብ በትር አቁሞ ግራና ቀኙን ሊለካ ይሞክራል። ውኃው ግን ከበትሩ ኋላ ወዲህና ወዲያ እየተወዛወዘ አልረጋ አለው። በትሩን ይበልጥ ክብ እንዲያደርግ፣ ገንዳውንም እንዲያስተካክል ቢነገረውም መወዛወዙ አልቀረም። ካርማን ጠዋት ጠዋት "ዛሬስ ረጋልህ?" እያለ ይጠይቀው ነበር። በመጨረሻ ጥፋቱ የበትሩ ሳይሆን የተፈጥሮ ሕግ ቢሆንስ ብሎ ቁጭ ብሎ አሰላው። ከበትሩ ኋላ የሚፈራረቁት አዙሪቶች ዛሬ በካርማን ስም ይጠራሉ። እንግዲህ የአንድ ትምህርት ቤት ጥቅሙ ይህ ነው፤ የአንዱ ራስ ምታት ለሌላው ግኝት ይሆናል።

ቡናውን እፍ ስንል

ትኩስ ቡና ሲቀርብልን እፍ እንላለን። ትንፋሻችን ራሱ ሞቃት ሆኖ ሳለ ቡናውን እንዴት ያበርደዋል? መልሱ ያው የፕራንትል የዳር ሽፋን ነው። ከቡናው ላይ በእንፋሎት የተሞላ ቀጭን የሞቀ አየር ተኝቷል፤ ሙቀቱ እሱን እየተሻገረ መውጣት አለበት። እፍ ስንለው ያን ሽፋን ጠርገን እናሳሳዋለን። ጋቢም ሥራው የዚሁ ተቃራኒ ነው፤ የረጋ አየር አቅፎ ይይዛል።

ይህን ነገር በቁጥር ያሰረው በ1882 ኑረንበርግ የተወለደው ቪልሄልም ኑሴልት ነው። በ1915 ባሳተመው ጽሑፍ የውኃውም፣ የዘይቱም፣ የአየሩም፣ የትንሹም የትልቁም ቱቦ የሙቀት ጉዳይ በጥቂት ቁጥሮች ሥር ሊሰበሰብ እንደሚችል አሳየ። በዚህ መንገድ በአንዲት ትንሽ ቱቦ ላይ የተለካው ለትልቁ ማሽን ይበቃል። በዓመቱ ደግሞ እንፋሎት በቀዝቃዛ ብረት ላይ ሲጤዝ ምን ያህል ሙቀት እንደሚሰጥ አሰላ። አውሮፓ በዚያን ጊዜ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እሳት ውስጥ ነበረች። በርሊን ውስጥ ደግሞ ማክስ ያኮብ የተባለ ተመራማሪ በመንግሥት የልኬት ተቋም ውስጥ ከ1910 ጀምሮ 25 ዓመት ያህል ውኃ እንዴት እንደሚፈላ፣ እንፋሎትም ምን ያህል ሙቀት እንደሚይዝ ሲያጠና ኖረ።

ውኃ ሲወስድ

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። በሚያዝያ 7 ቀን በወጣ አዋጅ አይሁዳውያንና በፖለቲካ የማይታመኑ የተባሉ ሁሉ ከመንግሥት ሥራ እንዲባረሩ ተደረገ። በጀርመን የዩኒቨርሲቲ መምህር የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ጌቲንገን በጥቂት ወራት ውስጥ ባዶዋን ቀረች ማለት ይቻላል። ማክስ ቦርን፣ ኤሚ ኔተር፣ ሪቻርድ ኩራንት ተባረሩ፤ ጄምስ ፍራንክ በተቃውሞ ሥራውን ለቀቀ። በበርሊን የፈሳሽና የአውሮፕላን ሒሳብ ያስተምር የነበረው ሪቻርድ ፎን ሚዘስ ወደ ኢስታንቡል ተሰደደ። አይሁዳዊው ማክስ ያኮብም በ1936 አሜሪካ ገባ። በ1949 የታተመው የሙቀት ሽግግር መጽሐፉ ለአሜሪካ መሐንዲሶች መማሪያ ሆነ። ካርማን ቀድሞ ነቅቶ ነበር። ከአኸን የፕሮፌሰርነት ወንበሩ ተነሥቶ በ1930 ካሊፎርኒያ የገባ ሲሆን፣ በዚያ ያቋቋመው ትምህርት ቤት ለአሜሪካ የሮኬት ጥናት መሠረት ሆነ።

ፕራንትልስ? ፕራንትል ቀረ። አባራሪም ተባራሪም አልነበረም። አዲሱ መንግሥት አውሮፕላን ይፈልግ ስለነበር ገንዘብ በእጅ በእጁ ሰጠው፤ ዋሻዎቹ ተስፋፉ፤ ሠራተኞቹ በዙ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ሃይዘንበርግ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ በናዚ ጋዜጣ ከተወገዘ በኋላ፣ ፕራንትል በ1938 ለሂምለር ደብዳቤ ጽፎ ተሟገተለት። በዚያን ዘመን ይህ ድፍረት ይጠይቃል። በዚያው ዓመት ግን እንግሊዝ አገር ላለው የሙያ ወዳጁ ለጄፍሪ ቴይለር በጻፈው ደብዳቤ የሂትለርን መንግሥት ደግፎ ተከራከረ። ሁለቱን ደብዳቤ የጻፈች እጅ አንድ መሆኗን ሳስብ እቸገራለሁ። ሰውየውን ልኮንነውም፣ ላጸድቀውም አልተነሣሁም። የቀጭኗን ሽፋን ምስጢር ያየ ዓይን በራሱ አገር ላይ የሆነውን ሳያይ መቅረቱን ግን ሳልናገር አላልፍም።

ጠያቂና ተጠያቂ

እነሆ ወደ ፎቶግራፉ ተመለስን። በ1945 ጀርመን ስትሸነፍ አሜሪካኖቹ የጀርመንን የአየር ጥናት የሚመረምር ቡድን ላኩ። የቡድኑ መሪ ካርማን ነበር። ከእሱ ጋር ካሊፎርኒያ ውስጥ ያስተማረው ቺየን ሹዌሰን ተከተለ። ቺየን በ1911 ተወልዶ በ1935 በነፃ የትምህርት ዕድል አሜሪካ የገባ፣ በ1939 በካርማን ሥር ዶክተር የሆነ ሊቅ ነው። ተማሪው መምህሩን፣ የተማሪው ተማሪም የመምህሩን መምህር እያፋጠጡ ጠየቁ። ምን ሠራችሁ? መዝገቡ የት ነው? ከ37 ዓመት በፊት በዚያችው ከተማ ፈታኙ ፕራንትል፣ ተፈታኙ ካርማን ነበሩ። ጀርመን አባርራ ወይም አስኮርፋ የሰደደቻቸው ሰዎች እውቀት፣ ዞሮ ገብቶ ደጇን አንኳኳ። ጥቂት ቆይቶ የጌቲንገን የንፋስ ዋሻዎች ተነቃቅለው ተወሰዱ። ፕራንትል በ1953 እዚያው ጌቲንገን አረፈ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ "ግፈኛ ዋጋውን አገኘ" ብለን እንዘጋው ነበር። አላበቃም። አሸናፊዋ አሜሪካ ከተሸናፊዋ አልተማረችም። በ1950 ኮሚኒስት የማደን ዘመቻ በጋለበት ወቅት ቺየን ተከሰሰ። ምስጢራዊ ሥራ የሚሠራበት ፈቃዱ ተነጠቀ። "እንግዲያው ልሂድ" ቢል ጓዙ ተያዘ፣ እሱም ለሁለት ሳምንት ያህል ታሠረ። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት በዐይነ ቁራኛ ተጠበቀ። በ1955 በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ቻይና ከያዘቻቸው አሜሪካውያን አብራሪዎች መፈታት ጋር በተያያዘ ድርድር ወደ አገሩ በመርከብ ተሸኘ። ቻይናም ኤንቨሎፕ ሳይቀደድ የተላከላት ስጦታ አድርጋ ተቀበለችው። የሮኬት ሥራዋን በእሱ መሪነት አቋቋመች፤ በ1970 የመጀመሪያ ሳተላይቷን አመጠቀች። ቺየን በ2009 ቤይጂንግ ውስጥ በ97 ዓመቱ ሞተ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚለው ተረት በሁለት ታላላቅ መንግሥታት ላይ፣ በሃያ ዓመት ልዩነት፣ ሁለት ጊዜ ደረሰ።

የመንገዱ መንቀጥቀጥ

በቤተ ሙከራው ቀይ ቀለም የለቀቁልንን መምህር አንባቢ አይረሳቸውም ብዬ አምናለሁ። የሚቀጥለው ሴሚስተር ሲጀመር ደብተራችንን ይዘን ወደ ክፍል ሄድን። በሩ ተቆልፏል። በሳምንቱም ተቆልፏል። "ከሥራ ተሰናብተዋል" ከሚል ወሬ በቀር ምክንያቱን የነገረን አልነበረም፤ እኛም ደፍረን አልጠየቅንም። የሙቀት ሽግግርን ትምህርት በዚያ ዓመት ከማስታወሻ እየገለበጥን ጨረስነው። ቱቦው ላይ አቧራ ተኛበት። ከብዙ ጊዜ በኋላ መምህሩ ባሕር ማዶ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የዳር ሽፋንን ለሰው አገር ልጆች እንደሚያስተምሩ ሰማሁ። ደስም አለኝ፤ ከፋኝም።

የማንቸስተሩን ገንዳ ነገር ያነሣሁት ለዚህ ነው። ሬይኖልድስ ክሩን እስከ 13,000 ያደረሰው በጥንቃቄው ብቻ አይደለም፤ በውጪ ያለው መንገድ ጸጥ ያለ ስለነበር ጭምር ነው። መቶ ዓመት ቆይተው የደገሙት ሰዎች ከእሱ ያነሱ ሊቃውንት ስለሆኑ አይደለም ያቃታቸው፤ መሬቱ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ነው። ያቺ ክር ከመምህር ወደ ተማሪ፣ ከተማሪም ወደ ተማሪው ተማሪ የምትሻገረው እውቀት ናት ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። የቺየን አገር አንስታ ተከለቻት እንጂ፣ በበርሊንና በጌቲንገን ያበጀቻት አገር ግን ለረጅም ጊዜ ስትፈልጋት ኖራለች።

እናቴ ዛሬም ቡና ስታፈላ ጭሱን አየዋለሁ። አሁን ለምን እንደሚሰበር ዐውቃለሁ። በሩን ቀስ ብዬ እዘጋለሁ፤ ክሩም ጥቂት ከፍ ብሎ ይሄዳል። "አሁን ደግሞ ምን ልትሆን ነው በሩን የምትዘጋው?" ትለኛለች። ሲኒውን አቀብላታለሁ።